«ለአሥር ሰው ካልላክህ ሐበሻ አይደለህም»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲገባ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ይመሳሰላል። ከላይ «ይህ እውነት ነው ወይ?» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ከቴሌግራም የተገለበጠ ረጅም ጽሑፍ። በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡትን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም፤ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ አጎቴ በቤተሰብ ግሩፓችን ይህን ላኩ። «ኢትዮጵያዊ ነኝ የምትል ሁሉ አንብብ! የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጄኔራል ባራቲዬሪ ተማርኮ ምኒልክ ፊት ተንበረከከ። የዓለም ታሪክ ጸሐፊዎች በሙሉ የመሰከሩለትን ይህን ታሪክ ባንዳዎች ደብቀውታል። ለ10 ሰው ካልላክህ ሐበሻ አይደለህም።» ዓድዋ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ይህ ጽሑፍ ለምን ጎረበጠኝ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ የጎረበጠዎት በምክንያት ነው። እርሳስ ይያዙና ከጽሑፉ ውስጥ ቀን፣ ቁጥር፣ የሰው ስምና የቦታ ስም ብቻ ያስምሩ። «ጀግና»፣ «ዓለም ጉድ ያለለት»፣ «የተደበቀ» የሚሉትን ይተዉአቸው፤ እነሱን ማንም ሊያጣራ አይችልም። ከአጎትዎ ጽሑፍ የሚተርፉት አንድ ቀን፣ አንድ ቦታና ሁለት ስሞች ናቸው።

ከቀኑ እንጀምር። የካቲት 23 ልክ ነው። 1896 ግን የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው በ1888 ዓ.ም. ነው። ጻፊው ቀኑን ከእኛ፣ ዓመቱን ከእነሱ ወስዶ ጫፉ ላይ «ዓ.ም.» ለጥፎበታል። ይህ ስሕተት በጣም ከመለመዱ የተነሣ እንደ ጣት አሻራ ይታያል፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ከእንግሊዝኛ በችኮላ እንደገለበጠው ይናገራል። ማስታወሻ እንዲሆንዎ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። የካቲት 1888 ሲደመርበት 8፣ 1896 ይሆናል።

ቀጥሎ ሰውየው። ባራቲዬሪ አልተማረከም። በእሱ ሥር አራት ብርጌዶች ነበሩ፤ አዛዦቻቸው አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና ይባላሉ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ወደቁ፤ የተማረከው ጄኔራል አልቤርቶኔ ነው። ባራቲዬሪ ወደ ኤርትራ ሸሽቶ በራሱ መንግሥት የጦር ፍርድ ቤት ቀረበና በነጻ ተሰናበተ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ «አንድ የጣልያን ጄኔራል ተማረከ» የሚለው ፍሬ ነገር እውነት ነው። ወሬው ሲንከባለል ግን ምርኮኛውን ከብርጌድ አዛዥ ወደ ጠቅላይ አዛዥ ሾመው። ፎርዋርድ የሚደረግ ታሪክ እንዲህ ነው፤ በተላለፈ ቁጥር ማዕረግ ይሰጣል። ከባዶ የተፈጠረ ውሸት እምብዛም አያጋጥመንም፤ የሚበዛው እውነት ላይ የተቀጠለ ነው።

የቀረው ባለቤቱ ነው። «የዓለም ታሪክ ጸሐፊዎች በሙሉ» ማን ናቸው? በድሮው ጊዜ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ተጎስሞ «ስማ፣ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር። ያም በጊዜው ፎርዋርድ ነው። ነገር ግን ነጋሪቱ የማን እንደሆነ፣ አዋጁን ማን እንዳወጀው ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከተበላሸም የሚጠየቅ ሰው አለ። «ለ10 ሰው ላክ» የሚለው መልእክት ግን አዋጅ ሆኖ ነጋሪት መቺው የለም። «ባንዳዎች ደብቀውታል» የሚለው ሐረግም ለጌጥ የገባ አይደለም። በሩ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ ነው፦ «ከየት አገኛችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ባንዳ ተብሏልና አፉን ይይዛል።

ሁሉንም ማጣራት አይጠበቅብዎትም። ካሰመሩት ውስጥ ለማጣራት የሚቀለውን አንዱን ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ነው። እሱ ከተሳሳተ ጽሑፉን አያስተላልፉት። የሚሰመርበት ነገር ጨርሶ ካጡም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ አንዱን ታሪክ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አገኘሁት። አይተዋወቁም። ሦስት ምስክር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስቀምጡና የፊደል ግድፈታቸውን ያነጻጽሩ። በአንዱ መስመር «ዓድዋ»፣ በሚቀጥለው «አድዋ» ተብሎ ከተጻፈና ይህ መቀላቀል በሦስቱም በዚያው ቦታ ላይ ካለ፣ አራት ነጥቡ በተመሳሳይ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተመታ፣ ሦስት ሰው የላከልዎት የአንድ ሰው ጽሑፍ ነው። ምስክሩም አንድ ነው፤ እሱንም አላየነውም።

ብዙ ጊዜ የሰማነው ነገር እውነት እየመሰለን መሄዱ በጥናት የታወቀ ጉዳይ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ይበልጥ እንደሚያምኑት አሳይቷል። አበው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል፦ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ጥያቄ፦ በዘጌ እንግዶችን በጀልባ አስጎበኛለሁ። አገር ጎብኚዎቻችን ስልካቸውን አውጥተው «ጣና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው»፣ «የናይልን ውሃ 85 በመቶ የሚሰጠው ጣና ነው»፣ «ጢስ ዓባይ ከቪክቶሪያ ፏፏቴ ይበልጣል» ይሉኛል። ብከራከራቸው አገሬን የጠላሁ እመስላለሁ። የገዳማቱ ትውፊትስ? እሱም ሊጣራ ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሦስቱም ከአንድ እውነት ተነሥተው መንገድ የሳቱ ናቸው፤ ስለዚህ መልስዎ በ«አይደለም» አይጀምር። በእውነቱ ይጀምር።

ዩኔስኮ ጣናን በሰኔ 2007 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ የመዘገበው ግን የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ አካባቢ፣ አድርጎ ነው። ይህ «ሰውና ባዮስፌር» የሚባለው መርሐ ግብር ነው፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች (1978 እ.ኤ.አ.)፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ (1979 እ.ኤ.አ.) ካሉበት የዓለም ቅርስ መዝገብ የተለየ ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ መዝገቡ ሁለት። በአጠቃላይ «ዩኔስኮ» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሲደርስዎት «በየትኛው መዝገብ? በስንት ዓመት?» ብለው ይጠይቁ። ዩኔስኮ አገር ከአገር፣ ቋንቋ ከቋንቋ አወዳድሮ «አንደኛ» የሚል ደረጃ አይሰጥም፤ «ምርጥ ብሎ መረጠው» የሚለውን እዚያው ላይ መጣል ይቻላል።

85 በመቶው ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጣና አይደለም። ይህ ቁጥር ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚነሡት ዓባይ፣ ባሮና አኮቦ፣ ተከዜ በአንድነት ለናይል የሚያበረክቱት ድርሻ ነው። ዓባይ ለብቻው ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው ከ10 በመቶ በታች ነው። ቀሪውን እነ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና በለስ በመንገድ ላይ ይሞሉታል። ለእንግዳ እንዲህ ቢነግሩት ያን ያህል ደስ ይለዋል፤ እንዲያውም የዓባይ ሸለቆ ስፋት የሚገባው ያኔ ነው። አንድ ቁጥር ከባለቤቱ ተነጥቆ ለሌላ ሲሰጥ ለመያዝ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ቁጥሩን ጉግል ላይ ቢፈልጉት «85» በእርግጥ ይገኛልና። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «የምን ከምን?» የሚለውን አብረው ይፈልጉ።

ጢስ ዓባይ 42 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ቪክቶሪያ 108 ሜትር ከፍታና ከ1,700 ሜትር በላይ ስፋት አለው። እዚህ ላይ መከራከር የለም።

ትውፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ ለብዙ ዘመን አርፋለች የሚለውን ገዳሙ በራሱ ስም፣ በራሱ አፍ ይናገራል። ባለቤት አለው፤ የሚነገርበት ቦታና ወግ አለው። እርስዎም «በገዳሙ ትውፊት» ብለው ሲናገሩ አልዋሹም፣ አላቃለሉምም። ችግሩ የሚመጣው ያው ትውፊት በስልክ ላይ «የአሜሪካ ሳይንቲስቶች በሳተላይት አረጋገጡ» ተብሎ ሲመጣ ነው። ትውፊቱን ከገዳሙ ነጥቆ ስም ለሌለው ሳይንቲስት የሰጠው ሰው ትውፊቱን አላከበረም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ «በአፍሪካ ረጅሙ» ተብሎ ከፎቶ ጋር ይዞራል። ፎቶውም የእኛን ድልድይ አይመስልም። ብዙ ዴታ ሳልጨርስ እንዴት ላጣራው? የድሮ አርበኞች ፎቶዎችንስ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጽሑፉን ለማጣራት ፎቶው አያስፈልግም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የሌጎሱ ሦስተኛው ዋና ድልድይ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሠላሳ ጊዜ እጥፍ ማለት ነው። «በአፍሪካ ረጅሙ»፣ «በዓለም የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው» የሚል ቃል ሲያዩ ተቃራኒውን አንድ ብቻ መፈለግ በቂ ነው። «በአፍሪካ የራሱ ፊደል ያለው ብቸኛ አገር» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ቲፊናግ፣ የላይቤሪያው ቫይ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው ንኮ ዛሬም ይጻፍባቸዋል። የእኛ ፊደል ጥንታዊነቱ አይቀንስም፤ «ብቸኛ» የሚለው ቃል ብቻ ነው የሚወድቀው።

ወደ ፎቶው እንሂድ። መጀመሪያ ያለ ዴታ በዐይን ይዩት። ከድልድዩ ሥር የጭነት መርከብ የሚያልፍ ከሆነ ጨርሰናል፤ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ የሚያሳልፈው ጀልባና ታንኳ ነው። የመኪና ታርጋ፣ የመንገድ ምልክት ጽሑፍ፣ መኪናው የሚሄድበት መስመር ግራ ይሁን ቀኝ፣ በዳር ያለው ዛፍ፣ እነዚህን ይመልከቱ። ከዚያ ስክሪንሾት ያንሡና ከላይና ከታች የተጻፈውን ሁሉ ቆርጠው ያውጡ። ይህን የማያደርግ ሰው ፍለጋው ይበላሽበታል፤ በፎቶ ፎቶ የሚፈልገው ጉግል ሌንስ ድልድዩን ትቶ ፎቶው ላይ የተለጠፈውን ባንዲራና ጽሑፍ ይፈልጋልና። የተቆረጠው ፎቶ አነስተኛ ስለሆነ የሚበላው ዴታም ትንሽ ነው። በጉግል ሌንስ ካልተገኘ ቲንአይ የሚባለውን ይሞክሩ፤ እሱ ውጤቱን «ከሁሉ የቆየው ይቅደም» ብሎ የመደርደር አማራጭ አለው። ፎቶው ድልድዩ ከመሠራቱ ከዓመታት በፊት ሌላ አገር ላይ ከታተመ፣ አበቃ። ቪዲዮ ከሆነ ሙሉውን አያውርዱት፤ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁመው ሁለት ወይም ሦስት ስክሪንሾት ያንሡና እነሱን ይፈልጉ።

ጽሑፍ ሲፈልጉ የእኛ ፊደል አንድ ወጥመድ አለው። ጉግል ላይ «አድዋ» ብለው ሲፈልጉ «ዓድዋ» ወይም «ዐድዋ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጥዎ ይችላል። ዐፄ፣ አፄ፣ ዓፄ፣ አጼ፤ ሠራዊት፣ ሰራዊት፤ ኃይለ፣ ሀይለ። ቢያንስ ሁለቱን አጻጻፍ ይሞክሩ። ከጽሑፉ መሐል ስድስት ወይም ሰባት ቃል ወስደው በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ቢያስገቡት የመጀመሪያውን ለጣፊ የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል።

የአርበኞች ፎቶ ከሆነ ዘመኑን ልብሱና መሣሪያው ይናገራሉ። «የዓድዋ ዘማቾች» ተብለው ከሚዞሩት ውስጥ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ የተነሡ አሉባቸው። አውሮፕላን የሚታይበት ፎቶ ዓድዋ ሊሆን አይችልም፤ ሞተር ያለው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዓድዋ ካለፈ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የመርዝ ጋዝ ጭንብልም እንዲሁ። አሁን ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩት በዝተዋል። በእነዚህ ላይ ፊደሉን አጉልተው ይዩት፦ ሰንደቁ ወይም ጋሻው ላይ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ግእዝ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ከሀ እስከ ፐ የሌለ ፊደል ነው። የጥልፉ ሐረግ በግራና በቀኝ አይገጥምም፤ ጦሩ ከእጅ በላይና ከእጅ በታች ሁለት የተለያየ መስመር ይይዛል። ይህ ምልክት በየጊዜው እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ «ምንም ስሕተት አላገኘሁበትም» ማለት «እውነተኛ ነው» ማለት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነስ? የሕዳሴ ግድብ አንዴ 6,000፣ አንዴ 5,150 ሜጋ ዋት ይባላል። የትኛው ነው ውሸት? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ የትኛውም ውሸት አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል 5,250 ተብሎ ነበር። ከዚያ 6,000፣ በኋላም 6,450 ተባለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተገለጸው 5,150 ነው። ዕቅዱ ተቀያይሯል። አሮጌ ቁጥር የያዘ ጽሑፍ የተጻፈበትን ዘመን ይነግርዎታል፤ ዛሬ የተጻፈ መስሎ 6,450 ካለ ግን አንድ ሰው የቆየ ጽሑፍ ቀኑን አንሥቶ መልሶ እያዞረው ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያውን ላኪ ማግኘት ይቻላል? ዋትስአፕ ላይ የሚታዩት ሁለት ቀስቶችስ ምንድን ናቸው? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ በተደረገ ጽሑፍ አናት ላይ የቻናሉ ስም ይታያል። ይጫኑት። ቻናሉ ክፍት ከሆነ ወደ ራሱ ጽሑፍ ይወስድዎታል። እዚያ ሲደርሱ ሦስት ነገር ይመልከቱ። በመጀመሪያ፣ ጽሑፉ ሥር «ኤዲትድ» የሚል ካለ ባለቤቱ በኋላ ነካክቶታል፤ ለእርስዎ የደረሰው ቅጂ ግን የድሮው ስለሆነ ሁለቱን ያነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ እርማቱ ባለቤቱ ጋ ቀርቶ ስሕተቱ ብቻ ነው የሚዞረው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀኑን ሲነኩት የቀን መቁጠሪያ ይከፈታል፤ ወደ መጀመሪያዎቹ ልጥፎች ይሂዱ። «የቻናሉ ስም ተቀይሯል» የሚል መስመር ካገኙና ቻናሉ ከሁለት ዓመት በፊት የእግር ኳስ ውርርድ ወይም የሥራ ማስታወቂያ ከነበረ፣ አርበኝነቱ ገበያ ነው። ሦስተኛው፣ ከታሪኩ ሥር ምን ተለጥፏል? «ለተጨማሪ ታሪክ ተቀላቀሉ» ከሚለው ሊንክ በኋላ የሚሸጥ ነገር አይጠፋም። የዐይን ምልክቷ አጠገብ ያለው ቁጥርም አያስደንቅዎ፤ ፎርዋርድ የተደረጉት ቅጂዎች የታዩበትንም ደምሮ ነው።

ስሙ ጨርሶ ከሌለ አንድ ሰው ገልብጦ ለጥፎታል፣ ወይም የላኪውን ስም ደብቆ አስተላልፎታል። ኔት በማይኖርበት ጊዜ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ የሚተላለፈው ቪዲዮማ የትም ቢሄድ ዱካ የለውም፤ እሱን እንደ ጭምጭምታ ብቻ ይያዙት።

ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ማለት መልእክቱ ቢያንስ አምስት እጅ ተቀባብሎ ደርሶዎታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንጂ ለአምስት ማስተላለፍ አይፈቅድም፤ ይህ ገደብ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አለ። ቀስቱ ውሸት ነው አይልም፤ የላከልዎት ሰው ጻፊው አይደለም ነው የሚለው። ገልብጦ የለጠፈ ሰው ጋ ደግሞ ቀስቱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የ140 ሰው የሰፈር ዕድር ግሩፕ አድሚን ነኝ። አብዛኛውን የሚልኩት ታላላቆቻችን ናቸው። ባጠፋባቸው ይቀየማሉ፤ ዝም ብል ግሩፑ የቀብር መርዶ የማይታይበት ሆነ። (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ በግሩፑ ፊት አይመልሱ። አንድን አባት በ140 ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ስለ ዓድዋ የሚደረግ ክርክር አይደለም፤ የክብር ጉዳይ ይሆናል፣ እሳቸውም ለክብራቸው ሲሉ ውሸቱን ይሟገቱለታል። በውስጥ መስመር እንዲህ ይጻፉ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ትናንት የላኩልንን አነበብኩት። የተማረከው ጄኔራል አልቤርቶኔ ነው፣ ባራቲዬሪ አምልጧል የሚል አገኘሁ፤ ዓመቱም 1888 መሆን አለበት መሰለኝ። እርስዎ ከየት አገኙት? አስተካክለው ቢልኩልን ለልጆቹ አነብላቸው ነበር።» ሊንክ ብቻ ወርውሮ ዝም ማለት አይሠራም፤ አይከፍቱትም። ሁለቱን ስሕተት በአጭሩ ይጻፉላቸውና እርማቱን እሳቸው ራሳቸው ይላኩት። እርማት ከታላቅ አፍ ሲወጣ ሌሎቹም ይለምዱታል።

ከዚያ ውጪ ያለው የአድሚን ሥራ ነው። ሌላ ግሩፕ «የታሪክ ጨዋታ» በሚል ይክፈቱና የሚፈልግ ይግባ። ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ከሆነ ቅንብሩን ከፍተው ስሎው ሞድን (በሁለት መልእክት መካከል የሚያስጠብቀውን) በ15 ደቂቃ ወይም በ1 ሰዓት ያድርጉት፤ አንድ ሰው በተከታታይ አሥር መልእክት ማዝነቡ ይቆማል። ቪዲዮና ሊንክ መላክን ለአባላት መዝጋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ያለ ስብሰባ ካደረጉት መዝጋቱ ራሱ ወሬ ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ ዕድሩ ሲሰበሰብ በቃል ቢወሰን ይሻላል። አናት ላይ የሚሰካው ማስታወቂያ አጭር ይሁን፦ «ከየት እንደተገኘ ያልተጻፈበት መልእክት አድሚን ያነሣዋል፤ ላኪው አይቀየም።»

ጥያቄ፦ ስላስተላለፍኩት ብቻ በሕግ እጠየቃለሁ? (ስልክ ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚጠይቀው ማሰራጨትን ነው፤ «እኔ አልጻፍኩትም» ማለት ብቻውን አያድንም። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ግን ማንኛውንም ስሕተት አይደለም። አሰራጪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የዓድዋን ዓመት መሳሳት እዚህ አይገባም። «የእነ እገሌ አያቶች ባንዳ ነበሩ፣ ዛሬም ልጆቻቸው...» ብሎ ከታሪክ ተነሥቶ ወደ ዛሬው ጎረቤት የሚዞረው መልእክት ግን ሊገባ ይችላል። የአርበኝነት ታሪክ ሲያነቡ መጨረሻውን አንቀጽ ሳያዩ አይላኩ የምንለው ለዚህ ነው፤ መርዙ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከታች ነው። ለራስዎ ጉዳይ ግን ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆች በስልክም ቢሆን ስለ አገራቸው ማንበባቸው ደስ ይለኛል። ትንሽ ቢጋነን ምን ይጎዳል? አዝማሪስ ያጋንን የለም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያጋንናል፤ ፎካሪም ያጋንናል። ነገር ግን «ዘራፍ» ብሎ የተነሣ ሰው ፊትዎ ቆሟል፣ ሰሚውም ፉከራ እንደሆነ ያውቃል። ማንም የፉከራ ቁጥር ፈተና ላይ አይጽፍም። «1896 ዓ.ም.» ግን ይጻፋል፤ ይህን ከእኛ ይልቅ እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙት ኖረዋል።

ደግሞም ዓድዋ የመጣው አንድ ጽሑፍ ከሌላው ጋር በመነጻጸሩ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ሁለቱ ቅጂ ባይነጻጸር ኖሮ ልዩነቱ አይታወቅም ነበር። ያን ታሪክ ሳያነጻጽሩ ማስተላለፍ ትንሽ ያሳፍራል።

ማጣራት ሁልጊዜ አያፈርስም፤ ተረት የሚመስለውን ያጸናል። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱ እውነት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ ማለፉም እውነት ነው። «ቶኪዮንም በባዶ እግሩ» የሚለው ግን ቅጥያ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሮጠው በጫማ ነው። ሮም ላይም ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ የቀረበለት ስላልተመቸው እንጂ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ልኬዋለሁ። ለ11 ግሩፕ። አሁን ምን ላድርግ? (ከዳግማዊ ምኒልክ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ አያጥፉት። ቀድመው ካጠፉት እርማትዎ የምን እርማት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ያስተላለፉትም ሰዎች ቅጂያቸውን እንደያዙ ይቀራሉ። ለራሱ ለመልእክቱ ሪፕላይ ያድርጉና ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ምኑ እንደተሳሳተ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ። «ከላይ የላክሁት ስሕተት አለው፤ የተማረከው አልቤርቶኔ ነው፣ ዓመቱ 1888።» ውሸቱን በሙሉ ደግመው አይጻፉት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ማሰራጨት ይሆናል። አንድ ቀን ያቆዩት፣ ከዚያ የድሮውን ያጥፉ። ዋትስአፕ ላይ ከሁሉም ሰው ስልክ ማጥፋት የሚቻለው በ60 ሰዓት ገደማ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ አያሳልፉት። ከ11ዱ ግሩፖች ውስጥ ብዙ የሚያስተላልፉት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ያውቋቸዋል። ለእነሱ ለብቻ ደውሉላቸው፤ የጽሑፍ መልእክት ቅዳሜ ማታ ይታለፋል፣ ስልክ አይታለፍም። ራስዎ ማጣራት ያቃተዎትን ደግሞ እንዲህ ያለውን ወሬ ለሚያጣሩት ለኢትዮጵያ ቼክ ወይም ለሀቅቼክ ይላኩት። ሲልኩ ስክሪንሾቱን ብቻ ሳይሆን የቻናሉን ስምና ያዩበትን ቀን ይጨምሩ።